ለደጋ ሜዳ የሚሆን አውሮፕላን

የመካነ ሰላም አውሮፕላን ማረፊያ በዓለም የበረራ መዝገብ ኤም ኬ ኤስ የሚል የራሱ መለያ አለው። ከቦሌ በቀጥታ መስመር ቢለካ ርቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ከጎረቤት ከተማዋ ከአጅባር ተነስቶ በደሴ በኩል አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው ግን ይህ ቁጥር ቀልድ ይመስለዋል። ገደል መውረድ አለ፣ መውጣት አለ፣ ማደር አለ። እንግዲህ ጥቂት የአጅባርና የመካነ ሰላም ነጋዴዎች ውጭ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር አዋጥተው አንድ ትንሽ አውሮፕላን እንግዛ ቢሉስ? ሐሳቡ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሒሳቡ ግን መታየት የሚገባው ነው።

ገዢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ወንበሩና ቀለሙ ላይ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከሜዳው ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሞተሩንም ፕሮፔለሩንም ክንፉንም በአንድ ጊዜ ያደክማል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይብሳል። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ቢደርስ አውሮፕላኑ የሚሠራው 3,500 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ያህል ነው። የደጋ አብራሪ በማለዳ መነሳት የሚወደው ወዶ አይደለም።

በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የተመረተውን አውሮፕላን፣ ሴስና 172ን እንውሰድ። ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ አራት ወንበር አለው፤ ብዙ አብራሪ በረራ የተማረው በእሱ ነው። የቅርቡ ሞዴል በባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ 220 ሜትር ያህል ይወጣል። በዚያ ሞቃት እኩለ ቀን ከመካነ ሰላም ሲነሳ ግን የሚቀረው 70 ሜትር ቢሆን ነው፤ ለመነሳት የሚፈልገው ሜዳም ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ፊት ለፊት ተራራ ካለ ይህ ቁጥር ያስፈራል። አራት ወንበር አለው ማለትም አራት ሰው ይጭናል ማለት አይደለም፤ ታንኩ ከሞላ ሦስት ጎልማሳና ትንሽ ሻንጣ ይበቃዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ለዘመድ ላድርስ የሚል ተሳፋሪ ካለ ደግሞ ያው አንድ ሰው ቀረ።

ቀጥሎ የነዳጅ ጉዳይ አለ። የሴስና 172 ዓይነት ሞተር የሚጠጣው አቭጋዝ የተባለ ሰማያዊ ቤንዚን ነው። ትልልቆቹ የሚጠቀሙት ጄት ኤ-1 ደግሞ የነጭ ጋዝ ዘመድ ነው። አብራሪው ጠዋት ክንፉ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ጫፏ ላይ ሹል ነገር ያላት የፕላስቲክ ኩባያ ወደ ታንኩ ማፍሰሻ ሽቅብ ይጫናል። ትንሽ ነዳጅ ይወርዳል። ኩባያዋን ወደ ሰማይ አንስቶ ያያታል፦ ውኃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል፤ ቀለሙና ሽታው ደግሞ የትኛው ነዳጅ እንደሆነ ይናገራል። በስሕተት ጄት ኤ-1 የተቀዳለት የቤንዚን ሞተር መሬት ላይ ይነሳና አየር ላይ ሊጠፋ ይችላል። አቭጋዝ በአፍሪካ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለዚህ አገር የቤንዚን ሞተር መግዛት ራስን ማሠር ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሥልጠና አካዳሚ ከሚያስተምርባቸው አንዱ ዳይመንድ ዲኤ40 በናፍጣ አሠራር የሚሄድ ሞተር አለው፤ ጄት ኤ-1 ይጠጣል፤ ተርቦ ስላለውም ስስ አየር ቶሎ አይረታውም። ራሱ ለሚያበር ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ቤተሰብና ዕቃ ይዞ ለሚጓዝ ግን ሴስና ካራቫን ይሻላል። ክንፉ ከላይ ነው፣ እግሩ አይታጠፍም፣ ጠጠርና ሣር አይፈራም፤ በተርባይን ሞተር ዘጠኝ መንገደኛና ከዚያም በላይ ያነሳል። አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎት የተባለው የግል ድርጅት አገር ውስጥ በኪራይ ሲያበረው የቆየው ይህንኑ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው፦ አዲሱ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል።

እዚህ ላይ ነው የጋራ ባለቤትነት የሚመጣው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ በመቀናጆ እንደሚያርሰው ማለት ነው። መቀናጆ የሚያጣላው ደግሞ ሁለቱም በአንድ ሰሞን መዝራት ስለሚፈልጉ ነው፤ የአውሮፕላኑም ጣጣ ይኸው ነው። አምስት ባለድርሻ ቢኖር፣ አምስቱም ጥምቀትን አገር ቤት መዋል ይፈልጋሉ። በአሜሪካ ኔትጄትስ የተባለው ኩባንያ ይህን በ1986 እ.ኤ.አ. ሲፈታው፣ ድርሻውን በሰዓት ለወጠው። የአንድ አውሮፕላን አንድ አሥራ ስድስተኛ የገዛ በዓመት 50 ሰዓት ያህል ይበራል፤ የእሱ አውሮፕላን ሥራ ላይ ከሆነ ሌላ ይላክለታል። ይህ የሚሠራው ግን ብዙ አውሮፕላን ላለው ነው። አንድ አውሮፕላን ብቻ ያላቸው አምስት ሰዎች የበዓል ተራ በየዓመቱ የሚዞርበት መዝገብ ከመያዝ ሌላ መላ የላቸውም።

ወጪው ሁለት መልክ አለው። መጠለያ፣ ኢንሹራንስና ዓመታዊ ምርመራ፣ አውሮፕላኑ በረረም አልበረረም ይከፈላል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ሲከብድና የሣሩ ሜዳ ሲጨቀይ፣ ቆሞም ይበላል። ይህን እኩል ማዋጣት ነው። ነዳጅና የሞተር ዕድሳት ግን በበረሩበት ሰዓት ይሰላል። የካራቫን ሞተር እንደ ሞዴሉ በ3,600 ሰዓት ገደማ ተፈትቶ መታደስ አለበት፤ ሒሳቡም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በዓመት 100 ሰዓት የማይበር ሰው ቢከራይ ይሻለዋል የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። ትርፍ ሰዓቱን ለመንገደኛ እናከራየው የሚሉም ይጠንቀቁ፦ ገንዘብ ተቀብሎ ሰው መጫን ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የንግድ በረራ ፈቃድ ይጠይቃል።

ያገለገለ የሚገዛ፣ ሻጩ ከማያውቀው መካኒክ ጋር ሄዶ የጥገና መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ያንብብ። መሐል ላይ የጎደለ ዓመት ካለ ዋጋው ይወርዳል፤ እኔ ብሆን ጭራሽ እተወዋለሁ።

ውሉ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት የመውጫውን አንቀጽ ነው። አንዱ ቢሞት ወራሹ አባል ይሆናል ወይስ ድርሻው ይሸጣል? ዋጋውን ማን ይተምናል? ቀድሞ የመግዛት መብቱስ የሌሎቹ ባለድርሻዎች ነው? ለሞተር ዕድሳት በየሰዓቱ የተቀመጠው ገንዘብም የአውሮፕላኑ እንጂ የአባሉ አለመሆኑ አብሮ ይጻፍ። የሚወጣ አባል ያዋጣሁት ይመለስልኝ ቢል አይመለስለትም፤ የበረረበትን ሰዓት ሞተሩ ተሸክሞታልና።