ሁለተኛው መስመር መቼ ይወጣል?

በጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የእርግዝና መመርመሪያ ስስ ወረቀት ነው። ሽንት ውስጥ ይነከራል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ አንድ መስመር ከወጣ እርግዝና የለም፣ ሁለት ከወጣ አለ ይባላል። ነገር ግን የወር አበባዋ ቀርቶባት ዛሬ አንድ መስመር ብቻ ያየች ሴት፣ ከሳምንት በኋላ ስትደግመው ሁለት መስመር የምታይበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ወቀሳው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ርካሽ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ዋሽቷል ይባላል። ጥፋቱ በእርግጥ የማን እንደሆነ ለማወቅ የሰው ልጅ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ፍለጋው የተጀመረው፣ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ዓባይ በሚደርስበት አገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1350 ዓመት ገደማ የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ፣ ሴቲቱ በየቀኑ ስንዴና ገብስ በሽንቷ እንድታጠጣ ያዝዛል። እህሉ ከበቀለ አርግዛለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞከሩት። ከነፍሰ ጡሮቹ ናሙናዎች 70 በመቶው እህሉን አበቀሉ፤ የወንዶችና ያላረገዙ ሴቶች ሽንት ግን አላበቀለም። ጥንታውያኑ ምስጢሩ ሽንት ውስጥ እንዳለ በትክክል ገምተዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቁም።

ምንነቱ ፍንጭ የሰጠው በ1920ዎቹ መጨረሻ በበርሊን ነው። ሰልማር አሽሃይም እና በርንሃርድ ዞንዴክ የነፍሰ ጡር ሽንት ላልጎለመሱ አይጦች ሲወጉ የአይጦቹ እንቁልጢ ያለጊዜው ጎለመሰ። እርግዝና ወደ ሽንት የሚወጣ ሆርሞን አለው ማለት ነው። ውጤቱን ለማየት ግን አይጦቹ መሞት ነበረባቸው። ቀጥሎ የመጣው የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት ሳይሞት በሰዓታት ውስጥ እንቁላል በመጣል መልስ ይሰጥ ጀመር። ያም ሆኖ ምርመራው የቤተ ሙከራ፣ ውጤቱም የሐኪም ነበር፤ ሴቲቱ ስለ ገዛ አካሏ የምትሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው።

ይህን የለወጠችው ሐኪም ሳትሆን ግራፊክ ዲዛይነር ናት። ማርጋሬት ክሬን በ1967 በኒው ጀርሲ በኦርጋኖን ኩባንያ ተቀጥራ ስትሠራ፣ በቤተ ሙከራው ተደርድረው የተሰቀሉ ብልቃጦች አየች። ምን እንደሆኑ ጠየቀች፤ የእርግዝና ምርመራ ናቸው፣ እርግዝና ካለ ብልቃጡ ግርጌ ቀይ ቀለበት ይታያል አሏት። ይህንማ ሴቶች ራሳቸው ቤታቸው ሊያደርጉት ይችላሉ ብላ አሰበች፤ በአንዲት የላስቲክ ሣጥን ናሙናውን ሠራች። አለቆቿ ተቃወሟት። ዕቃው በካናዳ በ1971፣ በአሜሪካ በ1977 ገበያ ላይ ዋለ። እርሷ የፈጠራ መብቷን ለኩባንያው ያስተላለፈችው በአንድ ዶላር ነው።

በ1978 የወጣ የመመርመሪያ ማስታወቂያ ታላቅ ፍንጭ ይዞ ነበር። «አለ» የሚለው ውጤት 97 በመቶ፣ «የለም» የሚለው ግን 80 በመቶ ብቻ ትክክል ነው ይል ነበር። «የለም» ለምን ይህን ያህል ይሳሳታል?

መጀመሪያ የተጠረጠረው ኬሚስትሪው ነበር። የእርግዝናው ሆርሞን እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርገውን ሌላ ሆርሞን ስለሚመስል፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ መመርመሪያው አነስተኛ መጠን ያለውን ሆርሞን እንዲያልፍ ተደርጎ ይሠራ ነበር። ከማስታወቂያው በፊት፣ በ1972፣ ጁዲት ቫይቱካይቲስ፣ ግሌን ብራውንስቲን እና ግሪፍ ሮስ ሁለቱን መለየት ችለው ነበር። በ1988 ዛሬ የምናውቀው ፈጣን መመርመሪያ ለገበያ ቀረበ። ኬሚስትሪው ተስተካከለ፤ «የለም» ግን አሁንም አንዳንዴ ይሳሳት ነበር።

መልሱ የተገኘው ከቤት ማቀዝቀዣ ነው። ከ1982 ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና ለማርገዝ የወሰኑ 221 ሴቶች፣ ገና ሳያረግዙ፣ በየማለዳው ሽንታቸውን እየቀዱ በማቀዝቀዣ አስቀመጡ። አለን ዊልኮክስና ባልደረቦቹ እነዚያን ናሙናዎች ቀን በቀን መረመሩ፤ እንቁላል የወጣበትንና ሆርሞኑ መጀመሪያ ብቅ ያለበትን ቀን ለዩ። የዳበረው እንቁላል ማህፀን ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ6 እስከ 12 ባሉት ቀናት ሆኖ ተገኘ፤ በአብዛኞቹ በ8ኛው፣ በ9ኛው ወይም በ10ኛው ቀን። እስኪጣበቅ ድረስ መመርመሪያ የሚያገኘው ሆርሞን ሽንት ውስጥ የለም።

በ2001 የወጣው ጽሑፋቸው ቁርጡን ተናገረ። ከእርግዝናዎቹ 10 በመቶው የወር አበባ መምጣት በነበረበት ቀን ገና አልተጣበቁም ነበር። ስለዚህ በዚያን ዕለት የዓለም ምርጡ መመርመሪያ እንኳ ሊያገኝ የሚችለው ቢበዛ 90 በመቶውን ነው። ከሳምንት በኋላ ግን 97 በመቶ ይደርሳል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ጥያቄው ቀድሞ ደርሶበት ነው።

ይህ ግኝት ለጎጃም ሴት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ብዙዎቻችን የወር አበባን የምናስታውሰው በበዓላት ነው፤ ከጊዮርጊስ እስከ ጊዮርጊስ፣ ከማርያም እስከ ማርያም። ያ፣ ጳጉሜ ከሚገባበት ጊዜ በቀር፣ 30 ቀን ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት ግን በየወሩ ሁለት ቀን ትቀድማለች፤ «ዘገየ» የምትልበት ቀን ከትክክለኛው ሊለይ ይችላል። ድካም፣ ክብደት መቀነስና ጭንቀት እንቁላል የሚወጣበትን ቀን ይገፋሉ። የምታጠባ ወይም ዲፖ የተባለውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ የምትወጋ ሴት ደግሞ ሳታረግዝ የወር አበባዋ ለወራት ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ቀኑን መጻፍ፣ በማለዳው የመጀመሪያ ሽንት መመርመር፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ማንበብ፣ አንድ መስመር ከወጣ ደግሞ ከሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። በሰዓቱ የወጣ ሁለተኛ መስመር ደብዛዛ ቢሆንም «አለ» ነው። የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም ደም መፍሰስ ከመጣ ግን እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ወረቀቱ ምንም ቢል ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ቀድሞ ማወቅ ዋጋ አለው። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ከጽንስ በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል፤ ይህም የወር አበባ ከቀረ ሁለት ሳምንት ገደማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች። ሳይጠረጠር በባከነው በእያንዳንዱ ሳምንት ከክትትሉ የሚገኘው ጥቅም ይቀንሳል።

የቢቸናና የሞጣ ባለመድኃኒት ቤቶች፣ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን መዘግየት በቀላሉ ልታሳጥሩት ትችላላችሁ። ለአንዲት ሴት መመርመሪያ ስትሰጧት ሁለት አድርጉላት፤ «ይህ ‹የለም› ቢልሽ ከሳምንት በኋላ በሌላው ድገሚው፤ ያኔም የወር አበባሽ ካልመጣ ወደ እኛ ነዪ» በሏት።