ሹክ ልበላችሁ፦ አጥንቱን ማንም አልለካም

ሙዚየም ገብታችሁ አስጎብኚው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናታል ሲላችሁ አንድ ነገር ይደብቃችኋል፤ ወይም እሱም አያውቀውም። አጥንቷን ማንም አልለካም። የተለካው ሐዳር ላይ ከተገኘችበት ደለል ትንሽ ዝቅ ብሎ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ፤ እሷ ከበላዩ ስለተኛች ከእሱ ጥቂት ታንሳለች ተባለ። አለቀ። ዕድሜ በመለካት ሥራ ውስጥ የዋልን ሰዎች ይህ ነገር በጣም የታወቀ ስለሚመስለን ለሌላው መንገር እንረሳለን።

አመዱ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ሲሆን «ታፍ» እንለዋለን። ጤፍ አይደለም፤ አንኮበር አፋፍ ላይ ሲመሽና ራብ ሲጠና ግን ሁለቱ ይምታታሉ።

ሉሲ እንግዳ ናት፤ ወደ ቤታችን እንምጣ። ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ ሙሽ የሚባል ሸለቆ አለ። ዛሬ ገብስ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው፣ ብርድ ነው። ስሱን ጭቃማ ድንጋይ በቢላ ጫፍ ስትፈለቅቁት ግን እንደ ብራና ቅጠል ይገለጥና ከውስጡ የእውነት ቅጠል ይወጣል። ጅማቱ ይቆጠራል፤ ያኔ ነፍሳት የበሉት ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ሐይቅ ነበረ፣ ዙሪያውን ደን። ከተገኙት ዘሮች አንዱ ከባቄላና ከግራር ወገን የሆነ ዛፍ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውቶኒያ ሙሸንሲስ ተብሎ በሸለቆው ስም ተጠራ። ይህን ካጠኑት መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ ፍሰሐ፣ ከአሜሪካ ደግሞ ቦኒ ጃኮብስና ኤለን ኩራኖ አሉበት።

ሹክሹክታው እዚህ ላይ ነው። በዚያ የ2012 ጽሑፍ የሙሽ ዕድሜ «ከ21 እስከ 22 ሚሊዮን ዓመት» ተብሎ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ 21.73 ሚሊዮን ሆነ። ቅጠሉ ያው ቅጠል፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ። የተለወጠው ጓዳው ነው፦ በቅጠሎቹ መካከል ከተነጠፉት አመዶች ዚርኮን የሚባል ጠጠር ተለቅሞ ወጣ።

ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፤ እርሳስን ከደጅ ይመልሳል። እንግዲህ ዛሬ ውስጡ የሚገኘው እርሳስ ማለት ይቻላል ሁሉም እዚያው ከዩራኒየም የተወለደ ነው። ዩራኒየም 238 ግማሹ እስኪያልቅ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ዩራኒየም 235 ደግሞ 704 ሚሊዮን። በአንድ ጠጠር ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ ማለት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠጠሩ አንድ ነገር ደርሶበታል።

ፎቶግራፍ የሚነሳው ይህን የሚለካው ትልቁ ማሽን ነው። ሥራው ግን ሌላ ቦታ ያልቃል። ጸሐይና ዝናብ ያልነካው አመድ እስኪገኝ ግድግዳውን መቆፈር፣ መፍጨት፣ መንፋት፣ ማጠብ፣ በማግኔት መለየት፣ ከባዱን ከቀላሉ በፈሳሽ ማጥለል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ጎንበስ ብሎ በመርፌ ጫፍ ጠጠር መልቀም። እናቴ ምስር ስትለቅም አይቼ ላደግሁት ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ልዩነቱ ምስሩ ከጨው ቅንጣት ያነሰ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ዝናብ የከረጢት ጽሑፍ አጥቦብኝ የሦስት ቀን ቁፋሮዬን በገዛ እጄ ጥያለሁ። ከየትኛው ንጣፍ እንደመጣ ያልታወቀ አመድ ለምድጃም አይሆን።

ሌላም ጣጣ አለ። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በመንገዱ ያገኘውን አሮጌ ድንጋይ ጠራርጎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በአንድ እፍኝ አመድ ውስጥ የዕለቱ ጠጠርና የጥንቱ ጠጠር ተቀላቅለው ይገኛሉ። የትኛው እንግዳ፣ የትኛው ባለቤት እንደሆነ መወሰን የሰው ፍርድ ነው። ጽሑፍ ሲደርሰኝ ከመደምደሚያው በፊት የማየው የተጣሉትን ጠጠሮች ሠንጠረዥ ነው።

በአፋር ቆላ ግን በብዛት የሚሠራበት አርጎን ነው። የቀለጠ ድንጋይ አርጎኑን ያስወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ፌልድስፓር ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ከዜሮ ጀምሮ አርጎን ማጠራቀም ይጀምራል። እዚያው አፋር፣ አራሚስ በሚባል ቦታ፣ አርዲ የተባለችው የጥንት የሰው ዘመድ አጥንት ከሁለት አመዶች መካከል ነው የወጣው፤ የታችኛው ጋዓላ ይባላል፣ በአፋርኛ ግመል ማለት ነው፣ የላይኛው ዳም-አቱ። ሁለቱም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነው ስለተገኙ አርዲ እንደ ሳንድዊች ሥጋ መሐል ተያዘች። በዚህ ሥራ የኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጊዳይ ወልደገብርኤል እጅ አለበት።

የአርጎኑ ምሥጢር ደግሞ ይኸው። ጠጠሩ ኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ገብቶ ይመታል፤ አብሮት ዕድሜው የሚታወቅ ሌላ ጠጠር ይገባል፤ የእኛው ዕድሜ የሚሰላው ከዚያ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ሚዛን ሲባል ኪሎው ድንጋይ እንዳለ ሁሉ ይህም የራሱ ኪሎ አለው። በብዛት የሚሠራበት ኪሎ የመጣው ከአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፊሽ ካንየን ከሚባል ቦታ ነው። የእሱ ዕድሜ 28.02 ሚሊዮን ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 28.20 ሚሊዮን ታረመ። ኮሎራዶ ላይ ያለ ድንጋይ ሲያረጅ እዚህ በእሱ የተለካው ሁሉ አብሮ ከመቶ 0.6 ያህል አረጀ። የቆየ ጽሑፍና አዲስ ጽሑፍ ስታነጻጽሩ ቁጥሩ ትንሽ ከተንሸራተተ ማንም አልዋሸም፤ ኪሎው ነው የተቀየረው።

ትልቅ ሽግሽግም አለ። የኦሞ ኪቢሽ የሰው ቅሪተ አካል 195 ሺህ ዓመት ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ቢያንስ ወደ 233 ሺህ ከፍ አለ፤ ከበላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ስለተዛመደ። ጽሑፉ ላይ «ሲደመር ሲቀነስ 22 ሺህ» የሚል አለ። ዜናው ላይ ግን ያቺ ጅራት የለችም። ጅራቷን የሚቆርጣት ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ትሉ ይሆናል። ከሙሽ ቅጠሎች የዚያ ዘመን አየር ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደያዘ ተገምቷል፤ በሚሊዮን 870 አካባቢ። ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት ከሚሆነው ከጎንደሩ ጭልጋ ቅጠል የተገኘው ግን 390 አካባቢ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ስለ ዓለም ሙቀት አንድ ነገር የሚናገሩት የትኛው መቼ እንደሆነ ከታወቀ ብቻ ነው። አለዚያ ሁለት የደረቁ ቅጠሎች ናቸው።

አንድ ቀን ስቆፍር የማሳው ባለቤት አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ምን ትፈልጋለህ?»

«አመድ ነው፣ አባባ። የቅጠሉን ዕድሜ እሱ ይነግረናል።»

«አመድማ እኛም ቤት ሞልቷል።»

የምድጃ ከሰልም ሰዓት እንዳለው፣ ግን የእሱ ካርቦን በየ5,730 ዓመቱ ግማሽ እየሆነ ከ50 ሺህ ዓመት በኋላ የሚለካ ያህል እንደማይተርፍ፣ ለእነዚህ ቅጠሎችም እንደማይደርስላቸው ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉድጓዱን አዩት።

«ይሁን። ስትጨርስ ግን ድፈነው፤ ጥጃዬን ይሰብርብኛል።»