የሠራተኞች የዕውቀት ልውውጥ እና የተቋማት መልካም ስም በማኅበራዊ ሚዲያ

የአንድ ተቋም መልካም ስም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲጎድፍ ኃላፊነቱ ብዙውን ጊዜ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይተዋል። ይሁን እንጂ ደንበኛ በአደባባይ የሚያሰማው ቅሬታ አስቀድሞ በተቋሙ ውስጥ በአንድ ሠራተኛ ዘንድ የታወቀ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም መልካም ስምን የሚወስነው ይህ ዕውቀት በሠራተኞች መካከል የሚዘዋወርበት መንገድ ጭምር ነው።

የዩናይትድ አየር መንገድ ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳዊው ሙዚቀኛ ዴቭ ካሮል በቺካጎ በኩል ሲጓዝ ጊታሩ ተሰበረበት። እርሱ እንዳስረዳው፣ ጉዳዩን በዚያው ዕለት ለተለያዩ ሠራተኞች ተናግሯል፤ ከዚያም ለዘጠኝ ወራት ያህል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲመራ ቆይቷል። በመጨረሻም ቅሬታው በ24 ሰዓት ውስጥ በደንቡ መሠረት አልቀረበም ተብሎ ውድቅ ተደረገበት። በ2009 ስለ ገጠመኙ ያዘጋጀውን ዘፈን በዩቲዩብ ላይ ሲለቅ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሚሊዮኖች ተመለከቱት። አየር መንገዱም ቪዲዮውን ለሠራተኞቹ ሥልጠና የመጠቀም ፍላጎት እንዳለው አስታወቀ። በሌላ አነጋገር፣ ተቋሙ የገዛ ሠራተኞቹ ቀድመው የሰሙትን ነገር ከአደባባይ ተማረ።

ኢኩጂሮ ኖናካ እና ሂሮታካ ታኬውቺ በ1995 ባሳተሙት ሥራቸው ዕውቀትን በሁለት ይከፍሉታል፤ በጽሑፍ የሰፈረ ግልጽ ዕውቀት እና በልምድ የተገኘ፣ በሰው ውስጥ የሚኖር ስውር ዕውቀት። ከላይ በተጠቀሰው ሁኔታ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ የተላለፈው ግልጹ ዕውቀት፣ ማለትም የ24 ሰዓቱ ደንብ ብቻ ነበር። ደንበኛውን ፊት ለፊት ያነጋገሩት ሠራተኞች የተረዱት ነገር ግን ውሳኔ ሰጪው ዘንድ አልደረሰም።

የዜሮክስ ኩባንያ ልምድ ተቃራኒውን ያሳያል። የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያው ጁሊያን ኦር እንዳስተዋሉት፣ የኩባንያው የጥገና ባለሙያዎች አስቸጋሪ ብልሽቶችን የሚፈቱት በመመሪያ ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ በሚያወጉት የሥራ ገጠመኝ ጭምር ነበር። ኩባንያው በ1990ዎቹ በዘረጋው ዩሬካ የተሰኘ ሥርዓት አንድ ባለሙያ ያገኘው መፍትሔ በሥራ ባልደረቦቹ ከተመረመረ በኋላ ከነስሙ ለሌሎች ይሰራጭ ነበር። ዕውቀቱን ያካፈለው ሰው ዕውቅና ማግኘቱ ሌሎችን ለማካፈል ያነሣሣል።

በአንጻሩ ችግርን የሚያሳውቅ ሠራተኛ ራሱ እንደ ጥፋተኛ በሚታይበት ተቋም ዝምታ አስተማማኝ መሸሸጊያ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ለማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየቶች በፍጥነት መልስ መስጠት ብቻውን ስምን አይታደግም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ተቋማት ከደንበኛው ቅሬታ ጎን ለጎን ቅሬታውን ቀድሞ ያወቀው ሠራተኛ ለምን ሳይናገር እንደቀረ፣ ተናግሮም ከሆነ ቃሉ የት እንደቆመ ሊመረምሩ ይገባል።