የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ምን ይላል?

ሰው ሲታመም ሕመሙን በአንደበቱ ይናገራል። አንደበት የሌለው ከብት እንኳ ሣር ሲጠላና ከመንጋው ወደ ኋላ ሲቀር እረኛው አንድ ነገር እንደደረሰበት ይረዳል። መኪናም እንደዚሁ ብልሽቱን የሚገልጽበት መንገድ አለው። ቀደም ባለው ዘመን ልምድ ያለው ነጂ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው አዳምጦ፣ የጭሱን መልክ በዓይኑ ተመልክቶ፣ የቤንዚኑን ሽታ በአፍንጫው ለይቶ ብልሽቱ ከወዴት እንደሆነ ይገምት ነበር። በኋላ በተሠሩት መኪናዎች ግን እነዚህ ምልክቶች ከመታየታቸው አስቀድሞ የሚናገር አንድ ትንሽ መብራት አለ። ይኸውም በነጂው ፊት ለፊት፣ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ የሚበራው፣ የሞተር ቅርጽ ያለበት ቢጫ መብራት ነው። ነጂዎችና መካኒኮች «ቼክ ኢንጂን» እያሉ ይጠሩታል።

ስለዚህ መብራት ብዙ ሰዎች በሁለት ዓይነት ስሕተት ላይ ይወድቃሉ። አንዳንዱ ነጂ መብራቱን ባየ ጊዜ ሞተሩ ሊቃጠል የደረሰ መስሎት ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ «መኪናው እስከሄደ ድረስ ምን ቸገረኝ» ብሎ ለወራት ችላ ይለዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። መብራቱ ስለምን እንደሚበራ፣ መልእክቱ እንዴት እንደሚነበብ፣ ከተነበበም በኋላ ወደ እውነተኛው ብልሽት እንዴት እንደሚደረስ ከዚህ ቀጥሎ በተራ እንመለከታለን።

የመብራቱ አመጣጥ

የዚህ መብራት ታሪክ የሚጀምረው ከጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የምትገኘውን የሎስ አንጀለስን ከተማ ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር፣ ጉም የመሰለ ጭስ ሸፈናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አሪ ሃገን ስሚት የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ምክንያቱን መርምረው፣ ይህ አየር የሚፈጠረው ከመኪናዎችና ከነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ሲለወጥ መሆኑን አስረዱ። ከዚያ ወዲህ የመኪናን ጭስ የሚቆጣጠሩ ሕጎች እየጠበቁ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ጀምሮም አብዛኞቹ የአሜሪካ አውቶሞቢሎች በጭስ መውጫቸው ላይ «ካታሊቲክ ኮንቨርተር» የተባለ ጭስ አንጺ መሣሪያ ተገጠመላቸው። በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ የሸክላ አካል አለ፤ በዚህም ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት ተቀብተውበታል። እነዚህም መርዛማውን ጋዝ ወደ ውሃ ተን፣ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ቀረ። ይህ መሣሪያ ቢበላሽ ነጂው ምንም አያውቅም፤ መኪናው እንደወትሮው ይሄዳል፤ መርዙን የሚተነፍሰው መንገደኛው ነው። ስለዚህ መኪናው ራሱን እየመረመረ ጉድለቱን ለነጂው እንዲናገር ሕግ ወጣ። ሕጉ በመጀመሪያ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ፣ በኋላም ተሻሽሎ በመላው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አውሮፓም በበኩሉ በቤንዚን ለሚሠሩ አዳዲስ አውቶሞቢሎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ ደነገገ። እንግዲህ የመብራቱ ዋና ተግባር ጭሱን መጠበቅ ነው። መኪናው ያለ እንከን እየሄደ መብራቱ ሊበራ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ

ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ልክ ያለው አየር ያስፈልገዋል። ልኩም ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ነው። በሞተሩ ላይ የተገጠሙት ሴንሰሮች የሚገባውን አየር፣ የሞተሩን ሙቀትና ፍጥነት እየለኩ ለመኪናው ኮምፒዩተር ይነግራሉ፤ ኮምፒዩተሩም የሚረጨውን ቤንዚን ይወስናል። በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር ደግሞ ውጤቱን ይመሰክራል። በጭሱ ውስጥ ኦክሲጅን ከተረፈ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ይጨምራል። ኦክሲጅን ካጣ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ይቀንሳል። ይህ መጨመርና መቀነስ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አይቋረጥም። ነገር ግን ጭማሪው ወይም ቅነሳው ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን ይመዘግባል። ለአብዛኞቹ ጉድለቶች መብራቱ የሚበራው ያው ጉድለት በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ሲታይ ነው። ይህም የሆነው በአንድ አጋጣሚ ነጂው በከንቱ እንዳይደነግጥ ነው።

መብራቱ ያለማቋረጥ ሲበራና ብልጭ ድርግም ሲል ትርጉሙ ይለያያል። ሳያቋርጥ የበራ እንደሆነ «ሳትዘገይ አስመርምረኝ» ማለቱ ነው። ብልጭ ድርግም ያለ እንደሆነ ግን ነገሩ አስቸኳይ ነው። ካንዴላው ወይም ቦቢናው በመድከሙ፣ አለዚያም በሌላ ምክንያት ከሲሊንደሮቹ በአንዱ ውስጥ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ያልፋል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ አንጺው መሣሪያ ገብቶ እዚያ ሲቃጠል ሙቀቱ እጅግ ይጨምርና የውስጡን ሸክላ ያቀልጠዋል። ስለሆነም ነጂው ወዲያውኑ ነዳጅ መስጫውን ማላላት፣ አመቺ ቦታ ሲያገኝም መቆም ይገባዋል። አንድ ካንዴላ ለመለወጥ የሚበቃው ገንዘብ ተቆጥቦ እጅግ ውድ የሆነው መሣሪያ ይጠፋልና።

ይህን ቢጫ መብራት ከቀይ መብራቶች ጋር ማምታታት አይገባም። የዘይት ግፊት ማነስን ወይም የሞተር ሙቀት መብዛትን የሚያመለክት ቀይ መብራት ሲታይ ሞተሩን በፍጥነት ማጥፋት ግድ ነው።

መልእክቱን ማንበብ

መብራቱ ጉድለት መኖሩን እንጂ ምንነቱን አይናገርም። ምንነቱ የተጻፈው በኮምፒዩተሩ ማኅደር ውስጥ ነው። ይህንንም ለማንበብ ከመሪው በታች በሚገኘው፣ 16 ቀዳዳዎች ባሉት መሰኪያ ላይ የመመርመሪያ መሣሪያ ይሰካል። መሣሪያው አንድ ፊደልና አራት አኃዞች ያሉት ኮድ ያሳያል። «ፒ» የሚለው ፊደል ጉዳዩ የሞተርና የማርሽ ክፍል መሆኑን ያመለክታል። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው 0 ኮዱ ለሁሉም ፋብሪካዎች የጋራ መሆኑን፣ 1 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፋብሪካ የብቻው መሆኑን ይገልጻል። የሚቀጥለው አኃዝ የሥራውን ክፍል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጉድለቱን ለይተው ያሳያሉ።

ለምሳሌ ያህል ፒ0301 በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በሚገባ እንዳልተቃጠለ ይናገራል። ፒ0171 አየሩ ከቤንዚኑ ጋር ሲመዛዘን መብዛቱን፣ ፒ0420 የጭስ አንጺው መሣሪያ ሥራ ከሚፈለገው በታች መሆኑን፣ ፒ0455 ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ተን በብዛት ማምለጡን ይገልጻሉ። የመጨረሻው ጉድለት አንዳንድ ጊዜ የቤንዚን ክዳን በሚገባ ባለመጥበቁ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነገር አለ። ኮዱ የሚናገረው የትኛው ልኬት ከደንቡ እንደወጣ ነው እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይደለም። ይህን ልዩነት አለማወቅ ብዙ ሰዎችን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

አንድ ምሳሌ

አንድ ወጣት የታክሲ ነጂ መብራቱ ቢበራበት ወደ አንድ ጋራዥ ሄደ እንበል። ኮዱ ፒ0171 ሆኖ ተገኘ። «የኦክሲጅን ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ተባለና የብዙ ቀን ገቢውን ከፍሎ አዲስ አስገጠመ። ኮዱም ተሰረዘ። በአራተኛው ቀን ግን መብራቱ ተመልሶ በራ። ነጂውም አዝኖ ወደ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ሄደ።

«ልጄ፣ ኮዱ ምን አለህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ጋሼ፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አለ።»

«ኮዱስ እንደዚያ አላለም። አየር በዛ ብቻ ነው ያለው። ሴንሰሩ ምስክር ነው፤ አንተ እውነት በተናገረ ምስክር ላይ ፈረድህበት።»

ከዚህ በኋላ መካኒኩ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች ዘረዘሩ። አንደኛው፣ ሳይለካ የሚገባ አየር መኖሩ ነው፤ ሁለተኛው፣ የአየር መለኪያው በአቧራ መቆሸሹ ነው፤ ሦስተኛው፣ የቤንዚን ፓምፑ መድከሙ ወይም ፊልትሮው መደፈኑ ነው፤ አራተኛው፣ የጭስ መውጫው ከሴንሰሩ በፊት መሰንጠቁ ነው፤ የሴንሰሩ መበላሸት አምስተኛው ብቻ ነው። ከዚያም ኮምፒዩተሩ የሚጨምረውን የቤንዚን መጠን በመመርመሪያው ላይ ተመለከቱ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ጭማሪው 25 በመቶ ነበር፤ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2500 ዙር ከፍ ሲል ግን ወደ 5 በመቶ ወረደ።

ይህ ልዩነት መንገዱን አሳያቸው። ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ችግሩ የሚብሰው ሞተሩ ብዙ ቤንዚን በሚፈልግበት ጊዜ ነበር። እዚህ ግን የታየው ተቃራኒው ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቅ የሚሾልክ ትንሽ አየር እንኳ ሚዛኑን ያዛባል፤ ብዙ አየር በሚስብበት ጊዜ ግን ያው ሽልኮታ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሲፈትሹ ከመካከላቸው አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቆ አገኙት። ቱቦው ተለወጠ፤ ኮዱ ተሰረዘ፤ መኪናው እንደገና ተነድቶ ቁጥሮቹ ሲታዩ ወደ ደንባቸው ተመልሰው ነበር። የቱቦው ዋጋ ከሴንሰሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

መብራቱን መደበቅ

አንዳንድ ሰዎች የባትሪውን ሽቦ ነቅለው መልሰው በመሰካት መብራቱን ያጠፋሉ። ይህ መድኃኒት አይደለም። ከኮዱ ጋር ጉድለቱ በተመዘገበበት ጊዜ የነበረው የሞተሩ ሙቀት፣ ፍጥነትና ጭነት አብሮ ስለሚጠፋ መካኒኩ የሚመራበትን ማስረጃ ያጣል፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ነው። ጥገናው ትክክል ከሆነ መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ሳይታይ ሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ሲደረጉ በራሱ ይጠፋል። ከዚህም የከፋው፣ መኪና ሊሸጥ የፈለገ ሰው መብራቱን ጨርሶ የማይበራ አድርጎ ገዢውን የሚያታልልበት ጊዜ መኖሩ ነው። ይህን ለማወቅ ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሡ መመልከት ይበቃል። ደኅነኛ መብራት በዚያን ጊዜ መብራትና ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ አንድ የተሰወረ ነገር እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

ጉዳዩ በአገራችን ልዩ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለሆነም ቀድሞ የገቡት መኪናዎች እየተጠገኑ ገና ለብዙ ዓመታት ቤተሰብ ሊያስተዳድሩ ነው። በግምት የሚለወጥ ዕቃ ሁሉ ከዚያ ቤተሰብ መሶብ የሚቀነስ ነው፤ ችላ የተባለ መብራት ደግሞ በጎዳናው ዳር የሚሄደው ሕፃን የሚተነፍሰውን አየር ያበላሻል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽታውን በችኰላ የሰየመም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ምልክቱን ከመንስኤው መለየት፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶች መዘርዘር፣ እያንዳንዱን በፈተና ማጣራት፣ በመጨረሻም ውጤቱን መልሶ ማረጋገጥ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን አስተውሎ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሥርዓት ነው።

ጥያቄዎች

1. መኪናው ያለ እንከን እየሄደ መብራቱ ሊበራ የሚችለው ለምንድን ነው?
2. «አንተ እውነት በተናገረ ምስክር ላይ ፈረድህበት» ሲሉ መካኒኩ ምን ማለታቸው ነው?
3. መካኒኩ የቤንዚን ፓምፑ እንዳልደከመ ያወቁት በምን ማስረጃ ነው?
4. በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ ብልሽት መርጣችሁ ምልክቱን፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ምክንያቶችና የማጣሪያውን መንገድ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።