ያውቁ ኖሯል? የጭልሞ ዛፎች ከጠፈር ሲለኩ

ምዕራብ ሸዋ፣ ደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ ከተማ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተረፉት ጥቂት የጽድ፣ የዝግባና የወይራ ደኖች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ደን ቁመቱ ዛሬ ከጠፈርም ሊለካ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላከው «ጄዳይ» የተባለ የናሳ መሣሪያ የሌዘር ጨረር ወደ ምድር ይለቅቃል። የጨረሩ ከፊል ከዛፉ ጫፍ ነጥሮ ይመለሳል፤ ከፊሉ በቅጠሎች መካከል ሾልኮ መሬት ነክቶ ይመለሳል። የሁለቱ የጊዜ ልዩነት የዛፉን ቁመት ያሳያል። ጨረሩ የሚያርፍበት ክብ 25 ሜትር ያህል ስፋት አለው።

ተዳፋት ላይ ግን በዚያው ክብ ውስጥ የመሬቱ ከፍታ ስለሚለያይ፣ ከመሬትና ከቅጠል የሚመለሰው ምልክት ይደባለቃል፤ ልኬቱም ይዛባል። የክረምት ደመናም ጨረሩን ያግዳል። በእኔ እምነት ከጠፈር የመጣው ቁጥር ደኑ ውስጥ ገብቶ የዛፎቹ ቁመት ሳይለካ ሊታመን አይገባም።

ለዚህ የመስክ ልኬት ጭልሞ የታደለ ነው፤ ደኑን በቅርብ የሚያውቁ ጠባቂዎች አሉት። አሳታፊ የደን አስተዳደር በአገራችን ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ለዓመታት በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር ሲጠብቁ ኖረዋል።