በአሮጌ ሞተር ቢስክሌት ላይ የፊት ፍሬን አልለቅ ሲል ስለሚደረገው ጥገና

ፍሬን ሲጨብጡት መያዝ፥ ሲለቁት መልቀቅ ይገባዋል። ብዙ ሰው የማይዘውን ፍሬን ይፈራል፤ የማይለቀውን ግን ቸል ይላል። ነገር ግን አደጋው ከዚያ አያንስም። ሸራው ዘወትር ዲስኩን እየፈተገ ያግለዋል፤ ግለቱም ወደ ፍሬኑ ዘይት ያልፋል፤ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት የሚታመቅ ስለ ሆነ የፍሬኑ እጀታ ያለ ኃይል እስከ መሪው ይደርሳል፤ ነጂውም በቍልቍለት ላይ ያለ ፊት ፍሬን ይቀራል።

በብዛት ከተሠሩት ትልልቅ ሞተሮች በዘይት ግፊት የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ አስቀድሞ የወጣው የጃፓኑ ሆንዳ ሲቢ 750 ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ይህ ሞተርና እርሱን የመሰሉት ለረጅም ዘመን በመጋዘን ቆመው ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚገኝባቸው ጉድለት ይኸው የፍሬን አለመልቀቅ ነው። የሚሠራው ብረት ያልቃል፤ ሥራ ፈትቶ የቆመው ግን ይዝጋልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጀታው ሲጨበጥ በመሪው ላይ ያለው ፖምፕ ዘይቱን በጎማው ቱቦ ወደ ታች ይገፋል፤ ዘይቱም በካሊፐሩ፥ ይኸውም ሸራዎቹን በያዘው የብረት ቤት ውስጥ ያለውን ፒስቶን ይገፋል። ፒስቶኑ አንዱን ሸራ ከዲስኩ ጋራ ያጣብቃል፤ ካሊፐሩም በክንዱ ላይ የሚወዛወዝ ስለ ሆነ ሁለተኛውን ሸራ ከማዶ ይስባል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፥ ፒስቶኑን የሚመልስ ሞላ አለመኖሩን ነው። የሚመልሰው በዙሪያው ያለው የጎማ ቀለበት ነው፤ ፒስቶኑ ሲወጣ ቀለበቱ ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲቀር ወደ መልኩ ሲመለስ ፒስቶኑን ጥቂት ይስበዋል። ቀለበቱ ከደረቀ ወይም በስተኋላው ዝገት ከተጋገረ ይህን ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ ማናቸውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ጉድለቱ ወዴት እንዳለ ይለይ። የፊቱ ጎማ ከመሬት ከፍ ይደረግ፤ እጀታው ተጨብጦ ይለቀቅ። ጎማው አልዞር ካለ በካሊፐሩ ላይ ያለችው የአየር ማውጫ ብሎን በጥቂቱ ትላላ። ጎማው ወዲያው ቢለቀቅ ግፊት ታስሮ ነበርና ጥፋቱ በፖምፑ ወይም በቱቦው ነው፤ ባይለቀቅ ግን በፒስቶኑ ወይም በካሊፐሩ ክንድ ነው። ግፊት ታስሮ እንደ ሆነ ብሎኗ ትጠበቅና እጀታው ዳግመኛ ተጨብጦ ይለቀቅ፤ ከዚህ በኋላ ቱቦው ከፖምፑ የሚገናኝበት ማሰሪያ ይላላ። ያን ጊዜ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ የፖምፑ፥ ካልተለቀቀ ከታች ያለው የቱቦው ነው።

አንደኛ፥ ፖምፑ። በዘይት ማጠራቀሚያው ወለል ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። እጅግ የቀጠነችው ዘይቱ የሚመለስባት ናት፤ በዝቃጭ ከተደፈነች በቀጭን የመዳብ ሽቦ ትከፈት። እጀታውም ጥቂት ልል ካልሆነ የፖምፑ ፒስቶን ይህችን ቀዳዳ ሸፍኖ ይቀራልና ይመርመር።

ሁለተኛ፥ ቱቦው። በእርጅና ውስጡ ሲያብጥ በብርቱ ጭብጥ የወረደው ዘይት መመለሻ ያጣል። ይህ አይጠገንም፤ በአዲስ ይለወጣል።

ሦስተኛ፥ ካሊፐሩ። ቱቦው ሳይፈታ ካሊፐሩ ከዲስኩ ይውጣ፤ ሸራው ተነሥቶ እጀታው ደጋግሞ ሲጨበጥ የዘይቱ ኃይል ፒስቶኑን ያወጣዋል። በታመቀ አየር ማውጣት ግን ጣት የሚሰብር አደጋ አለበት። የቀለበቱ ጎድጓዳ ቦይ በእንጨት ስንጥር ይፋቅ፥ በአልኮልም ይታጠብ፤ ቤንዚንና የሞተር ዘይት ጎማውን ያበላሹታልና አይነኩት። የፒስቶኑ ገጽ በዝገት ከተበሳሳ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይጠቅመውም፤ ይለወጥ። ቀለበቱ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ርሶ ይግባ። የክንዱም መወዛወዣ ዘንግ ተጠርጎ ግሪስ ይቀባ፤ እርሱ ከደረቀ ፒስቶኑ ደኅና ሆኖ ሳለ አንዱ ሸራ ብቻ ያልቃል።

ሲገጠም አዲስ ዘይት ይጨመር፤ አየሩም በብሎኗ ፈጽሞ ይውጣ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የተባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ155 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ በየ2 ዓመቱ መለወጥ ይገባል። ቀለምም ስለሚበላ የፈሰሰው ወዲያው በውኃ ይታጠብ።

በመጨረሻም እጀታው ተጨብጦ ሲለቀቅ ጎማው በእጅ በቀላሉ መዞሩ ይታይ። ከዚያም በሜዳ ላይ በዝግታ ጥቂት ተነድቶ፥ ያለ ብዙ ፍሬን ይቁም፤ እጅ ወደ ዲስኩ ሳይነካ ሲቀርብ ብርቱ ግለት ከተሰማ ሥራው አላለቀምና እንደ ገና ይመርመር። ይህ ሳይረጋገጥ ሞተሩ ወደ መንገድ አይውጣ።