ተጨማሪ መረጃ፦ ኮ ሳሙይ፣ የኮኮናት ደሴት

«ኮ» በታይ ቋንቋ «ደሴት» ማለት ነው። ኮ ሳሙይ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ትገኛለች። ቱሪዝም ከመስፋፋቱ በፊት ነዋሪዎቿ በኮኮናት እርሻና በዓሣ ማስገር ይተዳደሩ ነበር።

• የባሕር ዳርቻ፦ በምሥራቅ በኩል ያለው ቻዌንግ በነጭ አሸዋው ይታወቃል።

• ቤተ መቅደስ፦ በዋት ፕራ ያይ 12 ሜትር ከፍታ ያለው ወርቃማ የቡድሃ ሐውልት አለ። ጎብኚዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ትከሻና ጉልበታቸውን ሸፍነው ይገባሉ።

• ተፈጥሮ፦ በደሴቷ መካከል ደን የለበሱ ኮረብታዎችና የና ሙዋንግ ፏፏቴዎች ይገኛሉ። ከደሴቷ በስተ ምዕራብ ያለው የአንግ ቶንግ ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ደግሞ 42 ደሴቶችን ያቅፋል።

አስተውሉ፦ ለሌላዋ የታይላንድ ደሴት ለፉኬት ዝናብ የሚያመጣው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ነው። ለሳሙይ ግን ከባዱን ዝናብ የሚያመጣው የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ደሴቶች ክረምት አንድ አይደለም።